ክብርት እርማትና ቀለም አልባ እስስቶቻቸው

አራሚ የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። "የእኛ ጋ የለም" የሚል ሰው ካለ አራሚው እሱ ራሱ ነው፤ ባልደረቦቹ ይህን ካወቁ ቆይተዋል፣ የሚነግረው ነው የጠፋው። አራሚ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟችን ዕድሜ ያስተካክላል። ሙሽራው ስለ ፍቅሩ ሲናገር "የተዋወቃችሁትማ ከዚያ በፊት ነው" ብሎ ያቋርጠዋል። ታክሲ ውስጥ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ሲያወሩ ከሰማ፣ መውረጃው ቢያልፈው ያልፈዋል እንጂ እርማቱን ሳይሰጥ አይወርድም። ታውቁታላችሁ። አጎታችሁ ነው፣ የግድግዳ ጎረቤታችሁ ነው፣ ወይም እንደኔ የታደላችሁ ከሆናችሁ ከቢሯችሁ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው።

የኔዋ አራሚ ክብርት እርማት ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ሲሰሙት አልተቆጡም፤ "ክብርት የሚባለው ለአምባሳደር ነው፣ እኔ አምባሳደር አይደለሁም" ብለው አረሙኝና አለፉ።

የምንሠራው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው። እኔ በየመስተዋቱ ሥር የምትለጠፈውን አጭር ጽሑፍ አዘጋጃለሁ፤ ያቺን ጎብኚው ፎቶ ሲያነሳ በክርኑ የሚሸፍናትን ማለቴ ነው። እሳቸው የእስስት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ይህን ሳይንስ የተማሩት ብዙ ዓመት ነው፣ ከተማሩት ውስጥ የረሱት ነገር እንዳለ እስካሁን ማስረጃ አልተገኘም። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ ቀይ እርሳሳቸው ጆሯቸው ላይ ይሰካል፣ ነጭ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ አጉሊ መነጽር አለ። ሰላም ሲሏችሁ ሦስቱንም ወደ እናንተ ያዞራሉ።

ክፍላቸው በኮሪደሩ ጫፍ ነው። በሩን ስትከፍቱ የአልኮል ሽታ አፍንጫችሁን ይይዘዋል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ሁሉ ብልቃጥ ነው፤ በየብልቃጡ አንዲት እስስት ጅራቷን ጠቅልላ ተቀምጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ሁሉ ቅር ይለዋል። ቀለም ሊያይ መጥቶ ያገኘው የተቀቀለ ድንች ቀለም ነው፤ አልኮል ውስጥ የኖረ እንስሳ ቀለሙ ይሸሻል። አረንጓዴ የነበረችውም፣ ሰማያዊ የነበረችውም፣ ባለ ነጠብጣቧም አንድ ሆነው ቁጭ ብለዋል።

"ታዲያ በምን ይለዩዋቸዋል?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ በየዋህነት።

"በትክክለኛው ነገር" አሉኝ። "ቀለምማ ሁሉንም ሲያሳስት የኖረ ነው። ከላይ እንጀምር፤ ቁጭ በል።"

ይህ "ከላይ እንጀምር" የሚሉት ነገር መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ያንቀጠቅጣል። ከላይ ማለት ከእንስሳ ነው። መጀመሪያ እንስሳ፣ ከዚያ የጀርባ አጥንት ያለው፣ ከዚያ ተሳቢ፣ ከዚያ እባብና እንሽላሊት ያሉበት ባለ ቅርፊቱ ጎራ፣ ከዚያ የእስስት ቤተሰብ፣ ከዚያ ወገኑ፣ ከዚያ ዝርያው። አንድም ደረጃ አይዘለልም። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ለምን እንደተበላሸ ቢጠየቁም ከላይ ነው የሚጀምሩት፤ የሒሳብ ሹሙ አንድ ጊዜ ስለ ማሽኑ ጠይቆ ምሳ ሰዓት አልፎበታል።

የመጀመሪያ ጽሑፌን ወስጄ ያሳየኋቸውን ቀን አልረሳውም። "እስስት ከእንሽላሊት ፈጽሞ የተለየች፣ ምስጢራዊ ፍጡር ናት" ብዬ ነበር። በጣም ያማረ መስሎኛል። ቀይ እርሳሱ ከጆሯቸው ላይ ሲወርድ አላየሁትም፤ ያየሁት ወረቀቴ ደም ሲመስል ነው።

"ይቅርታ፣ እሱ ትክክል አይደለም" አሉ። ሁልጊዜ የሚጀምሩት በይቅርታ ነው። "እስስት ራሷ እንሽላሊት ናት። ከእንሽላሊት የተለየች ማለት አክስትህ ከሴት የተለየች ናት እንደ ማለት ነው። ምስጢራዊ የሚለውንም አውጣው። እኛ አላወቅናት እንደሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እሷ የደበቀችው ነገር የለም።"

ቤታቸውስ? ቤታቸውም ያው ነው። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ፈገግ የሚሉ ሰው። አንድ ጊዜ ክብርት እርማትን ሊወስዱ መጥተው ኮሪደር ላይ አብረን ስንጠብቅ፣ "እንዴት ቻሏቸው?" አልኳቸው።

"እኔን ያገባችኝ ከየት ወገን እንደሆንኩ አጣርታ ጨርሳ ነው። አንዴ ቦታህን ከሰጠችህ በኋላ አትነካህም" አሉኝ። ቀጥለው ስለ ልጃቸው እጮኛ አጫወቱኝ። ምስኪኑ ልጅ አማቱን ለማስደሰት አስቦ፣ የመጀመሪያው ቀን ገና ሳይቀመጥ "እኔ ተሳቢ እንስሳት ነፍሴ ናቸው፣ በተለይ እንቁራሪት" ይላል። ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እንቁራሪት ተሳቢ አለመሆኗን ለማስረዳት ከላይ ተጀመረ፤ ወጡ ቀዘቀዘ፣ እንደገና ሞቀ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። "ልጁ ግን ጎበዝ ነው፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና 'እንቁራሪቷን አስተካክያለሁ' አላት። ያኔ ነው የፈቀደችለት" አሉኝ ባለቤታቸው።

ከሁሉም ግን የስብሰባው ቀን ይበልጣል። የሒሳብ ሹሙ ከአንድ ምክትል ኃላፊ ጋር ተጣልቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት "ይሄ ሰው እስስት ነው! ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ!" ብሎ ጮኸ። ምክትሉ ለመመለስ አፉን ሲከፍት ከኋላ ወንበር አንዲት እጅ ተነሣች።

"ይቅርታ፣ እሱ ትክክል አይደለም" አሉ ክብርት እርማት፤ ብድግ ብለዋል። "እስስት ቀለሟን የምትለውጠው የቆመችበትን ለመምሰል ብላ አይደለም። ስትናደድ ትለውጣለች፣ ሲበርዳት ትለውጣለች፣ ወንዱ ሴቷን ሲያይ ይለውጣል። ውስጧ ያለውን ነው ቆዳዋ ላይ የምታወጣው። የእኚህ ሰው ችግር ውስጣቸውን መደበቃቸው ነው። ስለዚህ እስስት አይደሉም። ሌላ እንስሳ ይፈለግላቸው።"

ምክትሉ ተከላካይ ያገኘ መስሎት ሊያመሰግናቸው ነበር፤ መጨረሻውን ሲሰማ ተቀመጠ።

እንዲህ እየኖርን ሳለ ለሙዚየሙ አዲስ ኃላፊ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሙዚየሙን ሰው አይጎበኘውም፣ እሱ ልክ ነው። እሳቸው ያሰቡት መፍትሔ "የቀለማት አዳራሽ" የሚባል ነው፦ እንስሳቱ ሁሉ በቀለም ይደረደራሉ፤ አረንጓዴው ከአረንጓዴ፣ ቢጫው ከቢጫ፣ ጎብኚው ደስ ባለው ቀለም ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል። የክብርት እርማት እስስቶች ቀለም ስለሌላቸው ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፤ በነሱ ፋንታ ቀለም የተቀቡ የፕላስቲክ እስስቶች ይሠራሉ። ክብርት እርማትም ተባባሪ ከሆኑ የአዳራሹ አማካሪ ይሆናሉ፤ ካልሆኑ ደግሞ ታች መግቢያው ጋ ያለው የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሰው ይፈልጋል።

እኔ የአዳራሹን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። "እሺ" አልኩ። እኔ ለሁሉም ነው እሺ የምለው።

ክብርት እርማት ግን ወይ ፍንክች! "ከዚህ ክፍል አንዲት ብልቃጥ አትወጣም" አሉ። "እነዚህ ተመሳስለው የሚታዩ እንስሳት ናቸው፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ለማወቅ ስንት ሰው ዓይኑን አፍስሷል። ትንንሾቹን፣ ቅጠል የሚመስሉትንና ጅራተ አጭሮቹን፣ ድሮ ሁሉንም አንድ ላይ አጉረዋቸው ነበር። ስለሚመሳሰሉ! ኋላ ሲጣራ አንዳንዶቹ ለዛፍ ወጪዎቹ የቀረበ ዘመድ ሆነው ተገኙ። መልክ እንዲህ ነው የሚያታልለው። አሁን እኛ ወደ መልክ ልንመለስ ነው? በቀለም ልንደረድር?"

ኃላፊው ነገሩ እንዲያልቅ ፈልገው የቦርዱን ሰብሳቢ ይዘው መጡ። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ብዙ የማይናገሩ፣ ዓይናቸው ግን የማያርፍ። የእስስት ክፍሉ ውስጥ ኃላፊው፣ አዳራሹን የምትነድፈው ዲዛይነር፣ ዳኛዋና እኔ ተጣብበን ቆምን። ክብርት እርማት ጋዋናቸውን አሳጥበው፣ ጸጉራቸውን አስይዘው ነበር የጠበቁን። ዕድሜያቸውን የሰጡት ክፍል ዛሬ ወይ ይቀራል ወይ ይሄዳል።

ለአንድ ጊዜ እንኳ ከላይ ባይጀምሩ ብዬ ተመኘሁ። ከላይ ጀመሩ። ዳኛዋ ግን ሳያቋርጡ ሰሙ፤ ነገሩ እየሳባቸውም እንደሆነ ገባኝ። "አንድ ምሳሌ ያሳዩኝ እስቲ" አሉ። "በመልክ የሚያሳስት፣ እርስዎ ግን በቦታው ያስቀመጡት።"

"ደስ ይለኛል" አሉና ክብርት እርማት ወደ መደርደሪያው ዞሩ። "ይኸውልዎ፤ እነዚህ ድሮ አንድ ወገን ነበሩ። ኋላ ሳይንሱ ባለ ሦስት ቀንዶቹን ለይቶ የራሳቸውን ወገን ሰጣቸው። ስማቸው ሦስት ቀንድ ይበል እንጂ ቀንድ የሌላቸውም አብረው አሉ፤ ስለዚህ ቀንድ የላትም ተብሎ አይታለፍም። ያኔ ብልቃጦቹን በገዛ እጄ ነው አንድ በአንድ ያዛወርኳቸው።" ከቀረው ወገን መደርደሪያ ላይ አንዲት ቀንድ የለሽ አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቧት። "ይቺ ለምሳሌ…"

ቆሙ።

አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። ጉሮሮዋ ሥር ያሉትን ረዘም ረዘም ያሉ ቅርፊቶች ተመለከቱ፤ ብልቃጧን አዙረው እንደገና ተመለከቱ። ፊታቸው ሲለዋወጥ እኔ ገባኝ፤ ለዓመታት ከጎናቸው ኖሬያለሁ። ቦታዋ አልነበረም። ከተዛወሩት ጋር መሄድ ሲገባት፣ ቀንድ ስለሌላት፣ እሳቸው ራሳቸው ረስተዋታል። ሌሎቹ የሚያውቁት ነገር የለም። ለነሱ የተቀቀለ ድንች ነው። ከዳኛዋ ጀርባ ሆኜ በዓይኔም በቅንድቤም ለመንኳቸው፦ ዝም ይበሉ፣ ስለ ፈጠረዎት ዝም ይበሉ፣ ሌላ ብልቃጥ ያንሡ።

"ይቅርታ" አሉ ክብርት እርማት። "እሱ ትክክል አይደለም።"

"ምኑ?" አሉ ዳኛዋ።

"እኔ። የኔ ሥራ። ይቺ እዚህ መሆን አልነበረባትም። ተሳስቻለሁ፣ ለዓመታት።"

ኃላፊው ፊታቸው በራ። "እንግዲህ አያችሁ!" አሉ። "እርስዎ እንኳ ይሳሳታሉ! ታዲያ በቀለም ብንደረድር ምን ጉዳት አለው?"

ክብርት እርማት ብልቃጧን ደረታቸው ላይ አቅፈው ዞሩ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "የኔ ስህተት የተገኘው ሥርዓት ስላለ ነው!" አሉ። "እያንዳንዷ የት መሆን እንዳለባት ስለሚታወቅ፣ ያለ ቦታዋ ያለችው ትታወቃለች። ዛሬ እኔ ደረስኩባት፤ እኔ ባልደርስባት ሌላ ሰው ይደርስባት ነበር። የእርስዎ አዳራሽ ውስጥ ግን ማን ይሳሳታል? አረንጓዴ አረንጓዴ ነው። ስህተት የማይገኝበት ቦታ እውነትም አይገኝበትም! እኔ ስህተቴን ይዤ እዚሁ እቀመጣለሁ።"

ዲዛይነሯ መሬት መሬት አየች። ዳኛዋ ክብርት እርማትን ተመለከቱና "የዕለት ተዕለት አስተዳደሩ የኃላፊው ነው፣ እኔ ጣልቃ አልገባም" ብለው ወጡ። ያ ነው። ክፍሉ ተቆለፈ፤ ምድር ቤቱ ውኃ ስለሚያስገባ እስኪጠገን ድረስ ብልቃጦቹ ባሉበት ይቆዩ ተባለ። ብልቃጧን ቦታዋ ለማድረስ እንኳ ጊዜ አልሰጧቸውም፤ ከእጃቸው ተቀብለው በነበረችበት መለሷት። ክብርት እርማት ወደ መሸጫው ወረዱ።

ተሸነፉ ብላችሁ ካሰባችሁ አራሚ አታውቁም። በመጀመሪያው ቀን ለሽያጭ የቀረቡትን የፕላስቲክ እስስቶች ሁሉ መደርደሪያው ላይ በወገን በወገን ለዩዋቸው። የማይለዩትን በካርቶን አድርገው "ወገናቸው ያልታወቀ" ብለው ጻፉበት። በማግስቱ አንድ አባት ለልጁ ሊገዛ ሲመጣ እንዲህ ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ፦ "ይቅርታ፣ ይሄ እስስት አይደለም። እግሩን እይ። የእስስት ጣቶች ሁለትና ሦስት ሆነው ተጣብቀው እንደ ጉጠት ነው ቅርንጫፍ የሚይዙት። ይሄ እንደ ሰው እጅ ተዘርግቷል። ልጅህን ታሳስተዋለህ።" ሰውዬው ሳይገዛ ሄደ፤ ልጁ ግን በሩ ጋ ደርሶ የገዛ ጣቶቹን ሁለትና ሦስት አድርጎ ሲያጣብቅ ነበር። ኃላፊው ወርደው ቢቆጧቸው "ዕቃው ሲስተካከል እሸጣለሁ" አሉ። ሽያጩ ቆመ፤ መሸጫው ግን ሰው አጥቶ አያውቅም፣ ከላይ የተጀመረለት ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል።

ላይ ፎቅ እኔ ነፃ ወጣሁ። እንደልቤ ጻፍኩ። "ምስጢራዊ" የሚለውን ቃል በየመስተዋቱ መለስኩት፤ "ፈጽሞ" የሚለውንም። ማንም ምንም አላለኝም። ኃላፊው "ግሩም ነው" አሉ፤ ዲዛይነሯ "ግሩም ነው" አለች። ጽሑፌን ይዤ ከቢሮዬ ወጥቼ ተቆልፎ ወደተቀመጠው በር ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ ሳስብ ቀይ እርሳስ ፍለጋ መሆኑ ገባኝ። እውነቱን ልናገር፦ ናፈቁኝ። በየቀኑ ሲያናድዱኝ የኖሩት ሴትዮ እንደዚህ ይናፍቁኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው ስህተቴን የማያይልኝ ከሆነ ትክክሌንም አላየልኝም ማለት ነው።

ስለዚህ አዳራሹ መግቢያ ላይ፣ ከመሸጫው ፊት ለፊት፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ "እስስት የአዞ የቅርብ ዘመድ ናት።"

ጠዋት ነበር። ደረጃው ላይ የእግራቸውን ድምፅ ከሩቅ ለየሁት። በሬን አላንኳኩም። ጽሑፉን ከግድግዳው ነቅለው በእጃቸው ይዘውታል። "ና" አሉኝ። "በቃል አይገባህም፣ በዓይንህ ታያለህ።" ቀጥታ ወደ ተቆለፈው ክፍል ሄዱ። ጥበቃው ቁልፉን ሰጣቸው፤ ኋላ ሲጠየቅ "እምቢ ብላቸው ከላይ ሊጀምሩብኝ አይደል?" ብሏል።

ገብተው መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም፣ የአዞውን ጽሑፍም አይደለም። ያቺን ብልቃጥ ነው። አነሧት፣ በጋዋናቸው ጫፍ አቧራዋን ጠረጉላት፣ ወደ ባለ ሦስት ቀንዶቹ ወስደው ከዘመዶቿ መሀል አስቀመጧት። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፤ አቀማመጣቸው የሚነሣ ሰው አቀማመጥ አልነበረም።

ኃላፊው እየሮጡ ደረሱ። "ማነው ያስገባቸው?" አሉ በሩ ላይ ቆመው።

ጥበቃው እኔን አየኝ። ለሁሉም እሺ የምለው ሰውዬ አፌን ከፈትኩ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ጽሑፌን የሚያርምልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እሳቸው የሌሉበት ጽሑፍ ከእንግዲህ አልጽፍም። አዳራሹንም ጨምሮ።"

ኃላፊው ወደ ክብርት እርማት ዞሩ። "ወይዘሮ፣ ይህ ክፍል ተዘግቷል።"

"ይቅርታ፣ እሱ ትክክል አይደለም" አሉ። "በሩ ክፍት ነው። ግን ልንነጋገርበት እንችላለን። ይቀመጡ፣ ከላይ እንጀምር።"

ኃላፊው ወንበሩን አዩት። ሰዓታቸውን አዩ። "ነገ እንነጋገራለን" ብለው ሄዱ። ነገ እስካሁን አልመጣም፤ ክብርት እርማትም እስካሁን አልተነሡም።

ያን ቀን ኃላፊው ሲሄዱ ክብርት እርማት ትኩር ብለው አዩኝ። "ፊትህ ተለዋውጧል" አሉ። "ተናደሃል። ጥሩ ነው፣ እንደሱ ይታይ።" ከዚያ ጽሑፌን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ቀይ እርሳሱ ከጆሯቸው ወረደ፣ ወረቀቱን ግን አልነካም።

"ይሄን አውቀህ ነው የጻፍከው" አሉ።

"በምን አወቁ?"

"አንተ ስትሳሳት ወይ ለማሳመር ነው ወይ ቸኩለህ ነው። የአንተን ስህተቶች አንድ በአንድ ለይቼ አስቀምጫቸዋለሁ።" እርሳሱን ወደ ጆሯቸው መለሱ። "ይሄ ከነሱ ወገን አይደለም።"